መርዶ ያልደረሰው ቤት

ደባርቅ፣ ሰኔ 28 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሐመልማል፣ አዲስ አበባ

ሰላምታውን አላስረዝመውም። በአርባ ሰባት ዓመቷ ፊደል የቆጠረች ሴት ቀለም ማባከን አይሆንላትም፤ ያስቆጠርሽኝ አንቺ ስለሆንሽ ታውቂዋለሽ። ደህና ነኝ። መድኃኒቱ ማክሰኞ ዕለት በሾፌሩ በገዱ መኪና ደርሶኛል። የጠዋቱን በሁለት ሰዓት፣ የማታውንም በሁለት ሰዓት እውጣለሁ፤ አንድም ቀን አላሳለፍኩም። አባትሽ የሰጠኝ ኩላሊት ሥራውን አልተወም። እግሬ አላበጠም፣ ፊቴም አልተነፋም።

ስልክሽ ድምፅ ስለማያሰማ በደብዳቤ እንጻጻፍ ማለትሽን አልጠላሁትም። ግን አዲስ አበባን በሚያህል ከተማ ስልክ የሚጠግን ጠፍቶ ነው? መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ከነጋ እስኪመሽ ስንት ሰው ታገኛለች፤ ከመካከላቸው አንዱን ብትጠይቂው ምን ነበረበት? እኔ ከመጋቢት ጀምሮ በአንድ ክፍል ተዘግቼ የምሰማው ድምፅ ያንቺና የሬዲዮ ብቻ ነበር። አሁን ሬዲዮው ብቻ ቀረኝ።

«አባዬን በፋሲካ ከበር መልሰውታል የሚባለው እውነት ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እውነት ነው። ማን እንደነገረሽ ባላውቅም ከእኔ ስሚው።

የበዓሉ ማግስት ሰኞ ነበር። የበግ እግር በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከዳባት በጭነት መኪና ተሳፍሮ መጣ። በሩን መታው።

«እቴ፣ ክፈቺ እንጂ! ፋሲካ ነው እኮ!»

«አልከፍትም። ሐኪሙ ማንም እንዳይገባ ብሏል።»

«እኔ ማንም ነኝ?»

«አንተም ሰው ነህ። ስንት ሰው ከተጫነበት መኪና ነው የወረድከው።»

«አንዱ ኩላሊቴ ከውስጥ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ ሌላው ደጅ ይደር?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በሩን ግን አልከፈትኩም። ጥቂት ቆመና የበጉን እግር ደፉ ላይ አስቀመጠው። «እንግዲያስ በዓልሽን ከበርሽ ጋር አክብሪ» አለኝ። ይህን ሲል አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። በግንቦት መጨረሻ አውቶቡስ ሲጠፋ መድኃኒቴን ከጎንደር ያመጣው እሱ ነው አሉ። ዳባት ላይ ለገዱ አስረክቦ ወደ ቤቱ ገባ፤ እዚህ ድረስ አልመጣም። ስደውል ስልኩ ዝግ ነው፤ እናትሽም አታነሳልኝም። ተቀይሞኛል ማለት ነው። ኩላሊቱን ሰጥቶኝ በር ዘጋሁበት፤ ቢቀየም አይፈረድበትም። ቻላቸው ግን ወንድሜ ነው፤ ከእሱ በቀር ታናሽም ታላቅም የለኝም። ይታረቀኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አክስትሽ ዘቢደር


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእትዬ ዘቢደር

እንደምን ሰነበቱልኝ? መድኃኒቱን በሰዓቱ እንደሚወስዱ ሳነብ ደስ አለኝ። የስልኩን ነገር ይቅር ይበሉኝ፤ ጠጋኙ ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው ብሎኛል። እስከዚያው በየአስራ አምስት ቀኑ እጽፍልዎታለሁ።

ስለ አባዬ ለጠየቁኝ፣ ቂም የያዘ አይመስለኝም። የክረምቱ እርሻ በዝቶበት ነው። ስልኩም ውኃ ገብቶበት ተበላሽቷል። አይጨነቁ፤ ጭንቀት ለእርስዎ ጥሩ አይደለም፤ ግፊትዎን ይጨምረዋል።

ይልቅ እንዳይወጡ አደራዎን። እዚህ በየቀኑ በወረርሽኙ የሚያዘው ሰው እየጨመረ ነው። ከእርስዎ ጋር በአንድ ወር ኩላሊት የተተከለላቸው የሆሳዕናው ሰውዬ አርፈዋል። የተተከለለት ሰው ሰውነቱ ባዕዱን ኩላሊት እንዳይጠላው ተብሎ በመድኃኒት የተዳከመ ስለሆነ፣ ይህ በሽታ ከገባበት የሚመክትበት አቅም የለውም። ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ክርስትናም ይቅርብዎት። በተለይ ለቅሶ ቤት። የማንም ለቅሶ ቢሆን አይሂዱ። ይህን ቃል ይግቡልኝ።

የምትወድዎት ልጅዎ ሐመልማል


ደባርቅ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

ሐመልማል፣

ለቅሶ አልሄድም። የምሄድበትም የለኝ፤ የማውቀው ሰው ሁሉ ይመስገነው በሕይወት አለ። ስለ ሆሳዕናው ሰውዬ ግን አዘንኩ። ኩላሊት እጥበት ላይ ሳለን ለነርሶቹ ሁሉ የሚስት ስም እያወጣ የሚያስቀን ሰው ነበር።

ፍልሰታ ገብቶ እኔ አልጾምም። የንስሐ አባታችን ቄስ ሰይፈ ሥላሴ «ያንቺ ጾም ክኒንሽ ነው» ብለው ፈቅደውልኛል። ሰው ሁሉ በጾመበት ብቻዬን እንቁላል ስበላ ግን የሰረቅሁት ይመስለኛል።

የሚጠይቀኝ ማን እንደሆነ ብትዪ፣ ጤናዬ ናት። ጎረቤቴን ታስታውሻታለሽ፤ ጠላ ጠማቂዋን። በመጋቢት ገና መዘጋት ስጀምር በአጥር በኩል «እትዬ ዘቢደር፣ እንደ ታቦት ተሰወሩብን እኮ! መቼ ነው የሚነግሡት?» እያለች ስትስቅብኝ ነበር። ከሰኔ ወዲህ ግን ማር ሆናለች። ውኃ ቀድታ ደጄ ታኖራለች፣ ጎመን ቀንጥሳ ታመጣለች፤ ዓይኔን ግን አታይም። ጤናዬን ሃያ ዓመት አውቃታለሁ፤ ምክንያት የሌለው ደግነት ኖሯት አያውቅም።

ገዱም ጠባዩ ተለውጧል። ድሮ ከመኪናው ሳይወርድ «እመቤቴ፣ ኩላሊታችን እንዴት ዋለ?» ብሎ ሰፈሩን ይሰበስብብኝ ነበር። አሁን ጥቅሉን አጥሩ ላይ ጥሎ ይሮጣል። ባለፈው በመስኮት ጮህኩበት፦

«ገዱ! ቻላቸውን መንገድ ላይ አግኝተኸው ታውቃለህ?»

«ሞተሩ እየጋለብኝ ነው፣ እትዬ!» ብሎ ተፈተለከ።

በደባርቅ ክረምት የሚግል ሞተር አይቼ አላውቅም። ወንድሜ ለሁሉም ስሞታዬን ነግሮ አስጠልቶኛል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ቀድሜ መታረቅ አለብኝ። ከዚህ ጋር ያለችው ወረቀት ለእሱ ናት። እሱ ፊደል ስላልቆጠረ በእናትሽ ስልክ፣ በሰው ስልክም ቢሆን ደውለሽ አንብቢለት፦

«ቻላቸው ወንድሜ፤ በፋሲካ በር የዘጋሁብህ ፈርቼ ነው። የፈራሁት ለራሴ ብቻ አልነበረም፤ የሰጠኸኝን በእጄ ላይ እንዳላጠፋው ነው። በሩን ባልከፍትም ግን በመስኮት ላጫውትህ እችል ነበር፤ አላደረግኩትም። ብርድ ላይ ቆመህ ተመለስክ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በለኝ። እህትህ ዘቢደር።»

ይህችን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። የሚመልሰውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። ቢሳደብም ስድቡን ጻፊው።

አክስትሽ ዘቢደር


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 16 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ

እንዳዘዙኝ አደረግሁ። በእማዬ ስልክ ደውዬ ሁሉንም አነበብኩለት። ሰምቶ ሲጨርስ ሳቀ። «እቴ ሞኝ ናት፤ እኔ መቼ ተቀየምኳትና? በሩን በመዝጋቷ ጎበዝ በያት» አለኝ። «ይህ ቀን ሲያልፍ እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ ሳትከፍትልኝ ራሴ ገፍቼ እገባለሁ» ብሏል።

ስለዚህ ልብዎ ይረፍ። መድኃኒቱ ለአርባ ቀን የሚበቃ ነው። ነጩን ክኒን ከምግብ በኋላ መውሰድዎን አይርሱ።

ልጅዎ ሐመልማል


ደባርቅ፣ ጳጉሜን 1 ቀን 2012 ዓ.ም.

ሐመልማልዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። «ገፍቼ እገባለሁ» የሚለውን ሳነብ ድምፁን የሰማሁት መሰለኝ፤ ልክ እሱ የሚለው ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። ለጤናዬ በአጥር በኩል አነበብኩላት። ገና ሳልጨርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤቷ ሮጠች። ለጠላ የምታምሰው እህል ሊያርባት ይሆናል።

ባለውለታዬ ነሽ። ወንድሜን መለስሽልኝ። ዘመኑን የዕርቅ ያድርግልን።

አክስትሽ


ደባርቅ፣ መስከረም 6 ቀን 2013 ዓ.ም.

ሐመልማል፣

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አባትሽ እንዴት ነው? መስቀልን የት ነው የሚያሳልፈው?

ለዚህ ብቻ መልሺልኝ፤ ሌላ አትጻፊ።

ዘቢደር


አዲስ አበባ፣ መስከረም 11 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣ እንኳን አደረሰዎት!

ደብዳቤዎ አጠረብኝ፤ አመመዎት እንዴ? አባዬ በጣም ደህና ነው። ገብሱ ዘንድሮ አምሮለታል። በሬም ገዝቷል፤ ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ስሙን ገና አላወጣለትም። መስቀልን ዳባት ቤቱ ነው የሚያከብረው፤ ደመራውን ለኩሶ ስለ እርስዎ እንደሚጸልይ ነግሮኛል።

እባክዎ ስለ ጤናዎ ይጻፉልኝ። የደም ምርመራዎ ከዘገየ አራት ወር ሆኖታል።

ልጅዎ ሐመልማል


ደባርቅ፣ መስከረም 18 ቀን 2013 ዓ.ም.

ሐመልማል፣

አመመዎት እንዴ ብለሽኛል። አዎ፤ አሞኛል። በሬው ነው ያመመኝ። ጥቁር ነው አልሽኝ። ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት አልሽኝ። ለሞተ ሰው በሬ ገዝተሽ መልኩን ሳይቀር ጻፍሽልኝ።

እንዴት አወቁ እንዳትይኝ፣ ልንገርሽ። የዘመን መለወጫ ማግስት ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ጸሎት ሊያደርሱልኝ ከዳባት መጡ። በየዓመቱ እንደሚያደርጉት ነው፤ ልዩነቱ ዘንድሮ እሳቸው መስኮቱ ስር በውጭ፣ እኔ በውስጥ መሆናችን ነው። የሚጠሩትን ስም በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ከላይ የሕያዋን፣ ከታች የሙታን። ሕያዋን ከሚለው ስር ወለተ ሥላሴ ብዬ ራሴን፣ ቀጥሎ ያንቺንና የእናትሽን የክርስትና ስም፣ ከዚያ ወልደ ሩፋኤል ብዬ አባትሽን። ከታች አባቴንና እናቴን ብቻ።

ማንበብ ጀመሩ። የእኔን ጠሩ፣ ያንቺን ጠሩ፣ የእናትሽን ጠሩ። የአባትሽ ተራ ደረሰ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ተተክሏል። ዘለሉት። ወደ ሙታኑ ወረዱ። አባቴን ጠሩ፣ እናቴን ጠሩ፣ ቀጥለውም «አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሩፋኤል» ብለው ለነፍሱ ዕረፍት ለመኑ። እኔ እዚያ አልጻፍኩትም። ከንፈራቸው አላስችል ብሏቸው ነው እንጂ ሊነግሩኝ አልፈለጉም። ካህን ናቸውና እግዚአብሔር ፊት የሞተውን ከሕያዋን ጋር መጥራት አልሆነላቸውም።

«ልጄ፣ ክኒንሽን ዋጥሽ?» አሉኝ።

«ዋጥኩ፣ አባ» አልኳቸው። ወረቀቱን ኪሳቸው ከተው ሄዱ።

አልጮህኩም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር በአገርሽ ያደግሽ ነሽና ታውቂዋለሽ። ጎህ ሲቀድ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ይመጣል፤ ሽማግሌ ይናገራል፤ ሴቶች ግራና ቀኝ ይይዙሻል። ለእኔ ማንም አልመጣም። ቄሱም የነገሩት እግዚአብሔርን ነው፤ እኔን አይደለም። ስለዚህ ለመጮህ እንኳ ፈቃድ ያጣሁ መሰለኝ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

አራት ቀን አሰብኩ። ምናልባት አንቺም እንደ እኔ ገና አልሰማሽም ብዬ ልቤን አታለልኩት። ከዚያ ያን አጭር ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። እውነቱን የምትናገሪበት ቦታ እንዲሆንሽ ብዬ ነበር ሌላ አትጻፊ ያልኩሽ። የላክሽልኝ በሬ ነው።

እሺ፣ በሬውን ልተወው። የነሐሴውን ንገሪኝ። የይቅርታ ወረቀቴን ለማን ነው ያነበብሽው? ማን ነው ሰምቶ ሲጨርስ የሳቀው? «ራሴ ገፍቼ እገባለሁ» ያለው የማን አፍ ነው? ወንድሜ እንዲህ እንደሚናገር ታውቂያለሽ፤ ልጁ ነሽ። ስለምታውቂው ነው አሳምረሽ የሠራሽው። እኔም ይቅር ተባልኩ ብዬ ጳጉሜን ሙሉ ስስቅ ከረምኩ፤ ለጤናዬም አነበብኩላት። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ሞት ሳላውቅ የሟቹን ቀልድ ጮክ ብዬ ሳነብ!

ፊደል ባልቆጥር ኖሮ በአፍሽ መንገር ይኖርብሽ ነበር፤ በአፍ መዋሸት ግን ስለሚያስለቅስሽ ስልክሽን ዘጋሽው። ቤቴ ተቀምጠሽ ስትማሪ፣ በዚያች በደከመች ፋኖስ ሀ ሁ ያስቆጠርሽኝ ለዚህ ነው?

ከትናንት ጀምሮ ክኒኑን አቁሜያለሁ። መቼ እንደሞተ፣ በምን እንደሞተ፣ ስለ እኔ ምን እንዳለ እውነቱን በእጅሽ ጽፈሽ እስክትልኪልኝ አንዱንም አልውጥም።

ዘቢደር


አዲስ አበባ፣ መስከረም 23 ቀን 2013 ዓ.ም.

እትዬ፣

በፈጠረዎት ይዤዎታለሁ፤ ይህ ወረቀት እንደደረሰዎት፣ ሌላውን ሳያነቡ ክኒኑን ይዋጡ። ሁሉንም እጽፋለሁ።

አባዬ ያረፈው ሰኔ 14 ቀን፣ ያ ፀሐይ የተጋረደችበት እሑድ ጠዋት ነው። የገደለው ይኸው በሽታ ነው። ለይተው ያስተኙት ቦታ ስምንት ቀን ቆየ። የቀረው አንድ ኩላሊት መሥራት ካቆመ በኋላ ሁለት ቀን ብቻ ነው የቆየው። የቀበሩት አሥር የማይሞሉ ሰዎች ናቸው፤ እኔም በሰው መኪና ደርሼ ነበር። አዎ፣ ዳባት ድረስ መጥቼ ነበር። ለአርባውም መጥቻለሁ። ደባርቅ የአንድ ሰዓት መንገድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ወደ ጎንደር ተመለስኩ።

ከየት ያዘው ብለው እንዳይጠይቁኝ ነበር የምፈራው። ግንቦት 28 መድኃኒትዎን ሊቀበል ጎንደር ሲሄድ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው በታጨቀበት ሰልፍ ቆሞ ውሏል። በአምስተኛው ቀን ማሳል ጀመረ። ከዚያ ይሁን ከሌላ እግዚአብሔር ያውቃል። ይህን ቢሰሙ መድኃኒቱን ይጠሉታል፣ ይተዉታል ብለን ፈራን።

ሲታመም በስልክ አነጋግሮኝ ነበር። ስለ በሩ ምንም አላለም። ስለ በሩ የሰማሁት ከእማዬ ነው። ለእኔ ያለኝ «እቴ እንዳትሰማ። ከሰማች ትመጣለች፤ ከመጣች ሰው ሁሉ አንገቷን ይዞ ያለቅሳል፤ ሁለታችንንም በአንድ ሳምንት ትቀብሩናላችሁ» ነው። ሌላ አልጨመረም። የነሐሴው መልስ የእኔ ነው። የእርስዎን ወረቀት ሳነብ ቀን ሙሉ አለቀስኩ፤ ቢኖር እንደዚያ ይል ነበር ብዬ ጻፍኩት። አሁንም እንደዚያ ይል ነበር እላለሁ።

ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ከቀብሩ ላይ የነበረውንም በኋላ የሚሰማውንም ሰው ሁሉ ገዘቱ። ለዘቢደር በሽታው ሳያልፍ የተናገረ የተወገዘ ይሁን አሉ። ጤናዬም፣ ገዱም፣ እኔም በዚያ ግዝት ታስረን ነው። የገዘቱት ራሳቸው ያፈርሱታል ብሎ ማን አሰበ?

ግዝቱን እንዲፈቱልን ለምኛቸዋለሁ። በወጉ የሚነግሩዎት ሰዎች ይመጣሉ። እኔ አብሬያቸው ለመምጣት ፊቴን ማሳየት አቃተኝ።

እትዬ፣ አባዬ አልሞተም፤ በእርስዎ ውስጥ አለ። ለእሱ ብለው ይዋጡ።

ሐመልማል


ደባርቅ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2013 ዓ.ም.

ሐመልማል፣

ስለ ክኒኑ ደጋግመሽ በገዱ ስላስጠየቅሽኝ ከእሱ ልጀምር። አላቋረጥኩም። አቁሜያለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። አንድም ጠዋት፣ አንድም ማታ አላለፈኝም። የምትወጂው ሰው በሌለው ነገር ሲያታልልሽ ምን እንደሚመስል እንድትቀምሺው ብዬ ነው። አንቺ የቀመስሽው ሁለት ሳምንት ነው። እኔን ሦስት ወር አብልተሽኛል።

መርዶ ነጋሪዎቹ መስከረም 30 ጎህ ሲቀድ መጡ። ሰባት ናቸው፤ ሁሉም አፋቸውን ሸፍነዋል። ሽማግሌው «እንግዲህ ዘቢደር፣ የሰው ልጅ ሁሉ...» ብለው ሲጀምሩ አቋረጥኳቸው።

«ስሙን ይጥሩልኝ» አልኳቸው።

«ወንድምሽ ቻላቸው...»

«መቼ?»

«ሰኔ 14።»

«ዛሬ ስንት ነው?»

ያን ጊዜ ጮህኩ። ጤናዬ ልትይዘኝ ስትሮጥ ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ክንዷን ይዘው አስቀሯት። ማንም አልያዘኝም። የበሩን መቃን ይዤ አለቀስኩ፤ እነሱ ግቢው ውስጥ ተራርቀው ቆመው አለቀሱ። የሦስት ወር ከሃያ ቀን ሬሳ ነው ያለቀስነው። እነሱ እንባቸውን በሰኔ ጨርሰውታል፤ ለእኔ ብለው እንደገና ይፈልጉት ነበር።

ያን እሑድ ጠዋት ፀሐይዋ ስትደበዝዝ አስታውሳለሁ። በመስኮት እያየኋት ስለ ወንድሜ አስብ ነበር። ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ? እስከ ዛሬ አለመምጣቱ ልቡ ደንድኖ ነው እያልኩ አማው ነበር። እሱ ሲሞት እኔ አማው ነበር። ብትነግሩኝ ኖሮ ቢያንስ በሰኔ አቆም ነበር፤ እናንተ ግን እስከ ነሐሴ የሞተ ሰው እንዳማ አደረጋችሁኝ።

መድኃኒቴን ሊያመጣ ሄዶ እንደሞተ ባውቅ መድኃኒቱን እንደምጥለው ፈራሽ። አየሽ፣ አሁን አወቅሁ፤ አልጣልኩትም። አላወቃችሁኝም። ሁላችሁም ተሰብስባችሁ እኔን የአባትሽ ኩላሊት የተቀመጠበት ማሰሮ አደረጋችሁኝ። ማሰሮ እንዳይሰነጠቅ ይጠበቃል፤ ማሰሮ ግን አያለቅስም፣ አይነገረውም።

በእርስዎ ውስጥ አለ ያልሽኝን ዳግመኛ አትበዪኝ። በእኔ ውስጥ ያለው ኩላሊት ነው። ወንድሜ ዳባት አፈር ውስጥ ነው፤ እኔ አንድ እፍኝ አፈር አላለበስኩትም። ኩላሊቱን ሲሰጠኝ ሐኪሞቹ ትቀበያለሽ ወይ ብለው ጠይቀውኛል፤ አንቺ ባስተማርሽኝ ፊደል ስሜን ጽፌ፣ ፈርሜ ተቀብያለሁ። ለቅሶዬን ስትወስዱብኝ ማን ጠየቀኝ? የትኛው ወረቀት ላይ ፈረምኩ? እሱም ቢሆን በድሎኛል። ሞቶም አልምረውም፤ ይህንም እንድትጽፊው አልፈልግም፣ ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ።

ከሁሉ የሚብሰኝን ልንገርሽና ላብቃ። ሞቱን ስለደበቅሽኝ አይደለም፤ እሱ አዞሻል፣ ቄስ ገዝቶሻል፣ ሰው ነሽና ፈርተሻል። ይቅርታዬን ግን ማንም አላዘዘሽም። ወንድሜ ስለ በሩ ምንም ሳይል ሞቷል። እውነቱ ይህ ነው፤ መራራ ቢሆንም የእኔ ነበር። አንቺ በዚያ ፈንታ ሳቅ ፈጥረሽ ሰጠሽኝ። አሁን በሕልሜ እንኳ ሲናገረኝ፣ እሱ ይሁን አንቺ መለየት አልቻልኩም። ድምፁን አበላሸሽብኝ።

መድኃኒቱን መላክሽን ቀጥዪ፤ እውጠዋለሁ። ይህን ከዕርቅ እንዳትቆጥሪው።

ታኅሣሥ 14 መንፈቁ ነው። ይመጣሉ ወይ ብለሽ በገዱ አስጠይቀሻል። እመጣለሁ። ሐኪም ቢከለክል፣ ቄስ ቢገዝት እመጣለሁ። አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ መቃብሩ ራስጌ እቆማለሁ። ማንንም አልስምም፣ ማንም አይነካኝም። ከሰዉ ሁሉ ሁለት ሜትር እርቃለሁ፤ ከአንቺም ሁለት ሜትር። ያየን ሁሉ ለበሽታው ነው ይላል። በሽታው ሲያልፍ ሌላው ሰው ይጠጋኛል። አንቺ እዚያው ቁሚ።

ዘቢደር